ከቡላ የሠራነው ፕላስቲክና የዶርዜ አፕል

ጡረታ ወጣሁ። ይህን የሰማ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል፤ ምኑ ደስ እንደሚል ግን እስካሁን አልገባኝም። ጠዋት ተነስቼ ነጩን ጋዋኔን ፍለጋ ቁም ሣጥን እከፍታለሁ፣ ከዚያ "አንቺ ሴትዮ፣ ተሰናብተሻል እኮ!" ብዬ ራሴን እቆጣለሁ። ልጄ መነጫነጬ ሲሰለቻት "እማዬ፣ ለምን የሥራ ዘመንሽን አትጽፊውም?" አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ማን ያነበዋል ብትሉኝ እኔ እንጃ።

ስሜ አስቴር ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ደሴ። ባለቤቴ አስተማሪ ነበርና አርባ ምንጭ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁ። ሙቀቱን ስቀምሰው "እዚህ ዓመት ከከረምኩ ስሜን ቀይሩት" ብዬ ፎከርኩ። ስሜም አልተቀየረ፣ እኔም አልሄድኩ። ልጆቼ እዚህ ተወለዱ፣ ባለቤቴንም እዚሁ ቀበርኩት።

ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ መለካት ነው። ገበያ ላይ በጋዋን ካለፍኩ "ሲስተር፣ ልጄን ያስለዋል" የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። ኧረ እኔ ነርስ አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል? በመጨረሻ "ትኩስ ነገር ስጪው" ብዬ ማለፍ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ክር የሚፈትል ፋብሪካ ነበር። አለቃዬ ውጤቱ ሳይለካ የሚያውቅ ጉደኛ ሰው ነው፤ እኔ ገና ክሩን ማሽኑ ላይ ሳልሰቅል "ዛሬ ጥሩ ነው በይ" ይለኛል። ቀጥሎ የውሃ ጥራት ምርመራ ሄድኩ። እዚያ ያለው አለቃ ደግሞ የመድኃኒቱ ሽታ ራሴን ያመኛል እያለ ላብራቶሪው ደጃፍ እንኳን ደርሶ አያውቅም። ደመወዙን አታንሱብኝ፤ ከወር ወር እያነከሰ አድርሶኛል። ሰው የሚባል አለቃ ያገኘሁት ዶክተር አንጁሎ ጋ ስደርስ ነው።

ዶክተር አንጁሎ የኦቾሎ ሰው፣ የጋሞ ተወላጅ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ የማሸጊያ ምርምር ማዕከል ይመሩ ነበር። ፌስታል ይከለከላል የሚለው ወሬ ገና መናፈስ የጀመረ ሰሞን ነው፤ እሳቸው ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ መሬት ውስጥ ገብቶ የሚበሰብስ ፕላስቲክ ካልሠራሁ ብለው ራሳቸውን አስጨንቀው ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ጠረጴዛቸው ላይ እንደ ላስቲክ ስስ የሆነ ነገር ተዘርግቷል። ከዳሩ ቁራጭ ቀደዱና፣ ውይ፣ አፋቸው ውስጥ ከተቱት! አኘኩት! ዋጡት!

"እግዚኦ! ዶክተር፣ ምን እየሆኑ ነው?" አልኩ፣ ክው ብዬ።

"ቡላ ነው" አሉኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። "ቡላ፣ ውሃና ግሊሰሪን።"

"ግሊሰሪን? ይሄ ፊት የምንቀባው?"

"እሱው ነው። እሱ ባይኖር ይሄ ፕላስቲክ አይሆንም ነበር፤ ቂጣ ይሆን ነበር።"

የነገሩን ባሕርይ ባጭሩ ላስረዳ፣ አለበለዚያ ኋላ የደረሰብን አይገባችሁም። ቡላን በውሃ በጥብጣችሁ ስታሞቁት ይወፍርና ነጭነቱ ይጠፋል፣ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። ያንን መስታወት ላይ አፍስሳችሁ፣ አስተካክላችሁ ስታደርቁት ስስ ሽፋን ሆኖ ይላጣል። ግን ብቻውን ከደረቀ ገና ሲነካ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ በውስጡ ያሉት ክሮች እርስ በርስ ጥርቅም ብለው ስለሚያያዙ ነው። ግሊሰሪን መሃላቸው ይገባና ያላላቸዋል። ያኔ ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ደስ ይላል።

ታዲያ ግሊሰሪን አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይወዳል። ከአየር ላይ ሳይቀር ስቦ ይጠጣል። የጠጣው ውሃ ደግሞ በተራው ያንኑ የማላላት ሥራ ይሠራል። እና ግሊሰሪኑን ስታበዙት ፕላስቲኩ ልፍስፍስ ይላል፣ ያልበዋል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ስታሳንሱት ይሰነጠቃል። ሶርቢቶል የሚባል ሌላ ማለስለሻ አለ። እሱ ውሃ ላይ እንደ ግሊሰሪን አይሻማም፣ ግን ሲሰነብት ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ያወጣና ፕላስቲኩን መልሶ ያደርቀዋል። የእኔ ሥራ በዚህ ሁሉ መሃል ልኩን መፈለግ ነበር። ዕድሜዬን የበላው ይሄ ነው።

ዶክተር ልኩን የሚፈትኑበት የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ማሽን የለንም ማለቴ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ወጥሮ እስኪበጠስ የሚስብ ማሽን ነበረን፣ መብራት ካለ። እሳቸው ግን አስቀድመው ቁራጯን ጆሯቸው ሥር ይዘው ያንኮሻኩሿታል። ከጮኸች "ይቺ ጠምቷታል" ይላሉ። ዝም ካለች "ጠጥታለች።" ከዚያ መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ቀስ ብለው ይተነፍሱባታል። ግሊሰሪን የበዛባት ቁራጭ የትንፋሹን እርጥበት ስባ ጥቅልል ትላለች፤ ልክ የሆነችው ጠርዟን ትንሽ ታነሳና ተመልሳ ትተኛለች። ማሽኑ ኋላ የሚነግረን አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ነው።

ውፍረት ስለካ መሃሉን ብቻ ከለካሁ ይቆጡኛል፤ "ከመሃል ነው የሚቀደደው ያለሽ ማነው?" ጸጉሬን ቅቤ ተቀብቼ የገባሁ ዕለት ከበር ነው የመለሱኝ። እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ፕላስቲኩ በዳሩ ብቻ ይያዛል። ጎረምሳ ተመራቂዎች ከየአገሩ ለልምምድ ሲመጡ በዚህ ይስቃሉ፤ ሲወጡ ግን ሁሉም በዳር በዳሩ የሚይዙ ሆነው ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩላቸው ግን አንድ ቃል ነው። የማያውቁትን ነገር "አላውቅም" ይላሉ። ባለሥልጣን ፊት፣ ፈረንጅ ፊት፣ ተማሪ ፊት። ከዚያ በፊት ያየኋቸው አለቆች ይህን ቃል ከሚያወጡ ጥርሳቸው ቢወልቅ ይመርጣሉ። ዶክተር ግን አላውቅም ካሉ በእውነት አያውቁም፣ አውቃለሁ ካሉም በእውነት ያውቃሉ። እኔ ለዚህ ሰው ብሞትም አይቆጨኝም እል ነበር።

አንድ ቀን ባሎቴ የምትባል ሴት ማዕከሉ በር ላይ አፕል በዘንቢል ይዛ ቆማ አገኘኋት። የዶርዜ ሴቶች የአፕል ማኅበር ሰብሳቢ ናት። ባሏ ሸማኔ ነው፤ እሷ ደግሞ ጓሮዋን ሁሉ አፕል አድርጋዋለች።

"አንተ" አለችኝ፣ "ላስቲክ የምትሠራው አንተ ነህ?"

ወይ ጉድ! ወንድ መሰልኳት እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ባሎቴ አማርኛ ስትናገር ሴቱም ወንዱም "አንተ" ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ፣ ውሎ አድሮ ግን ደስ ይለኝ ጀመር። ዛሬም ስትደውል "አንተ፣ ደህና ነህ?" ትለኛለች።

ችግሯ ይሄ ነው። አፕሉ ከዶርዜ ብርድ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት ሲወርድ ይጨማደዳል። ነጋዴው ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ እዚያው ጓሮ ድረስ ሄዶ በፈለገው ይወስደዋል። በመደበኛው ላስቲክ ጠቅልለው ሲሞክሩት አልቦት ይሻግታል። የእኛ ፕላስቲክ የእርጥበቱን ገሚስ ያሳልፋል፣ ገሚሱን ይይዛል። የሳጥኑን ውስጥ ብናለብሰው አፕሉ ሳይጨማደድም ሳይሻግትም ሊወርድ ይችላል። ዶክተር ይህን ሲያስረዷት ዓይኗ በራ።

እንግዲህ ጭንቁ ዶርዜና አርባ ምንጭ አንድ አየር አለመሆናቸው ነው። ታች ለሙቀት ብለን ግሊሰሪኑን በዛ ስናደርገው፣ ላይ በጉሙ ሲደርስ ላቡ ጠብ ጠብ አለ። ለጉሙ ብለን ስንቀንሰው፣ ታች ሲወርድ እንደ ደረቅ የበቆሎ ልባስ ተሰነጠቀ። ስንት ጊዜ ተበሳጨሁ! ባሎቴ ቤት፣ በዚያ ረጅም የቀርከሃ ቤት ውስጥ፣ ፕላስቲኩን እንደ እጥብ ልብስ በገመድ ሰቅለን እንሰነብታለን። ባሏ ሽመናውን አቁሞ ቀና ይልና "ዛሬስ እንዴት አደረ?" ይለናል፣ የታመመ ሰው የምንጠይቅ ይመስል። በመጨረሻ የግሊሰሪኑን ገሚስ በሶርቢቶል ተካነው። ጉሙንም ቻለ፣ ሙቀቱንም ቻለ። ዶክተር ተነፈሱበት፤ ጠርዙን አነሳና ተመልሶ ተኛ። ሲስቁ ያየኋቸው የዚያን ዕለት ነው።

ባሎቴ የማኅበሩን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞረች "ዘንድሮ ለነጋዴው አትስጡ" አለቻቸው። ያመነታችውን ሁሉ "ቢበላሽ እኔ አለሁ" እያለች አሳመነች። አርባ ምንጭ ያለ አንድ ሆቴል አፕሉን ሊገዛ ተስማማ። የዓመት አፕላቸው በሙሉ፣ የሁሉም፣ በእኛ ፕላስቲክ በተለበጡ ሳጥኖች ውስጥ ሊገባ ነው።

አፕሉ የታሸገ ዕለት ዶክተር ብቻቸውን ወደ ዶርዜ ወጡ። እኔ ቀረሁ፤ ስንት ቀን ጠፍቶ የነበረው መብራት መጥቶ ስለነበር ማሽኑ ላይ የተጠራቀመውን ሥራ ልጨርስ ብዬ ነው። ማታ ሲመለሱ "እንዴት ነበር?" አልኳቸው። "ጥሩ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም መርቀውታል" አሉኝ። እኔም አሜን ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ናደውና የሆቴሉ አይሱዙ ቶሎ መውጣት አልቻለም። ግድ የለም አልን፤ ፕላስቲኩ ከዚያ በላይ የሰነበተበትን ጊዜ አይተናል። መኪናው ሲገኝ እኔም ዶክተርም አብረን ወጣን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አምረው ቆመዋል። ባሎቴ "አንተ ክፈተው" አለችኝና የመጀመሪያውን ሳጥን ወደኔ ገፋችልኝ።

ክዳኑን ሳነሳው የመጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ፕላስቲኩ ተልፈስፍሶ፣ ንፍጥ መስሎ አፕሉ ላይ ተጣብቋል። ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ተቀደደ። ከሥሩ ያለው አፕል አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። "ሌላውን! ሌላውን ክፈቱ!" ብዬ ጮህኩ። ሌላው ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሴቶቹ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ባሎቴን አዩዋት። ባሎቴ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ዶክተርን ሳይ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ያን ጊዜ ነው ሳሩን ያየሁት። ከሳጥኑ ሥር፣ ከፕላስቲኩ ውስጥ፣ የጠወለገ ሳር አለ። በየሳጥኑ አንዳንድ ጭብጥ። እፍኝ ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "ዶክተር፣ ይሄን ሳር ማነው ያስገባው?" አልኳቸው።

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ "አላውቅም" አሉኝ።

እሳቸው አላውቅም ካሉ አያውቁም። አበቃ። ሴቶቹ አፕሉ እንዳይጋጭባቸው ጎዝጉዘውት ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ ክዳን ባላቸው ሁለት የመስታወት ዕቃዎች ውስጥ ከዚያው ፕላስቲክ ሰቀልኩ። አንደኛው ውስጥ ከግቢያችን የታጨደ እርጥብ ሳር ጨመርኩ፣ ሌላኛውን ባዶ ተውኩት። ባዶው እንደተወጠረ ቆየ። ሳር ያለበት ግን ያላበው ጀመር፣ ተንዘላዘለ፣ በመጨረሻ በገዛ ክብደቱ ተቀድዶ ወደቀ። በተከደነ ሳጥን ውስጥ እርጥብ ሳር ማለት ከዶርዜ ጉም የባሰ ጉም ማለት ነው! ማለስለሻው ያን ሁሉ ውሃ ጠጣ፣ ውሃው ደግሞ በራሱ ሌላ ማለስለሻ ሆነበት። ይህን የሚችል ልክ የለም።

ዶክተርን ጠርቼ አሳየኋቸው። ሁለቱንም ዕቃ ብዙ ጊዜ ቆመው አዩ። "በደንብ ሠርተሻል" አሉኝና ወጥተው ሄዱ። በደንብ ሠርተሻል ብቻ! ምን ነካቸው ብዬ ገረመኝ።

ከዶርዜ የሚመጣው ወሬ ደግሞ ጆሮ የሚሰማው አልነበረም። ጋሞ አገር ጎሜ የሚሉት ነገር አለ፤ ክልክል የሆነን ነገር መተላለፍ ነው። ሰው ጎሜ ሠርቶ ከደበቀ ጥፋቱ በልጅ፣ በከብት፣ በአዝመራ ይወጣል ይላሉ። የዓመት አፕል በአንድ ቀን ሲበሰብስ እንግዲህ ጎሜ የሠራው ማነው ተባለ። ባሎቴ ናት አሉ። የባሏ ታላቅ ወንድም እንደ ደንቡ ቀድሞ ሳይቀምስ ፍሬውን ለገበያ አወጣች አሉ። እሷ "ቀምሷል፣ በእጄ ሰጥቼዋለሁ" ብትል የሚሰማት አጣች። እሳት የሚያስጭራት፣ ገበያ አብሯት የሚወጣ ጎረቤት ጠፋ። ዱቡሻ ላይ፣ የአገሩ ሰው ነገሩን በሚያይበት አደባባይ፣ እንድትቆም ተጠራች። እዚያ ከተፈረደባት ከማኅበሩም ከጎረቤትም ተቆረጠች ማለት ነው።

"እንሂድ!" አልኳቸው ዶክተርን። "ምክንያቱን እናውቀዋለን እኮ! ምን እንጠብቃለን?"

"እኔ እሄዳለሁ፤ አንቺ ቅሪ።"

"ሞቼ ነው የምቀረው!"

አልቀረሁም።

አደባባዩ በሰው ጢም ብሏል። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባሎቴ ብቻዋን መሃል ቆማለች። ያቺ ስትራመድ መሬት የምታንቀጠቅጥ ሴት ኮስሳለች፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። እኔ ጋሞኛ መስማት እሰማለሁ፣ መናገር ላይ ግን አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ለመናገር ስጠይቅ ሽማግሌዎቹ ዶክተር አንጁሎ ያስተርጉሙ አሉ። እሳቸው ተነስተው ከጎኔ ቆሙ።

እኔ እንግዲህ ንዴቴ ሲነሳ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም። "ይህቺ ሴት ምንም አላጠፋችም" አልኩ። ተረጎሙ። "ፕላስቲኩም ደህና ነበር፤ እኛ ፈትነነዋል።" ተረጎሙ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ "አፕሉን ያበላሸው ሳጥኑ ውስጥ የገባው እርጥብ ሳር ነው!" አልኩ።

ዶክተር አልተረጎሙም።

ጠበቅሁ። አማርኛ የሚሰሙት ግን ነበሩ፤ እነሱ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ወደ ዶክተር አዞሩ። ባሎቴ ከሁሉም ቀድማ ነው ያዞረችው። እኔ ምን እንደተናገርኩ፣ ሰው ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ተሳደብኩ እንዴ? ነውር ነገር ተናገርኩ?

በመጨረሻ ተረጎሙት። አንድም አላጎደሉ። የእኔ ንግግር አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ የእሳቸው ትርጉም ግን ቀጠለ። ቀጠለ። በጋሞኛ የምሰማውን ራሴ አላመንኩም። ሳር የምርቃት ነው፣ የሰላም ነው፤ የመጀመሪያው ጭነት ሲወጣ ሽማግሌ በእጁ ያኖረዋል። ያን ዕለት ከኦቾሎ የመጣ የተማረ ልጃችን ነው፣ ዕድሜውም ደርሷል ብለው ክብሩን የሰጡት ለእሳቸው ነው። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ፣ በፕላስቲኩ ላይ፣ በገዛ እጃቸው ያኖሩት እሳቸው ናቸው! ይህን እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሳሩ ፕላስቲኩን እንደሚያበላሸው ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

አላውቅም ብለውኛል። እኔን! ፊት ለፊት! የሰው ልጅ እንዲህ ይሆናል? ክንዳቸውን ይዤ ልነቀንቃቸው ፈለግሁ።

ባሎቴ በአማርኛ "መቼ አወቅህ?" አለቻቸው።

"ሳጥኑ ሲከፈት" አሉ።

"ሲከፈት።" ቃሉን ደገመችው። "ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት አደርኩ። ልጄ ጎረቤት እሳት ልትጭር ሄዳ በሩ ተዘግቶባት ባዶ እጇን ተመለሰች። አንተ ቤትህ ተኝተህ ታውቅ ነበር።"



ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። በጣም ያረጁት አንዱ በመጨረሻ እንዲህ አሉ። ሳሩ ጥፋት የለበትም፣ የመረቀውም እጅ ጥፋት የለበትም፤ ማንም ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ጎሜው ካወቁ በኋላ ዝም ማለቱ ነው፤ እሱም የባሎቴ አይደለም። ይህ ሲነገር ሕዝቡ በሙሉ አጉረመረመ። ከዚያ እኚያ ረጅም ሰው፣ የተማሩት፣ ሽማግሌው፣ ባሎቴ እግር ሥር ተንበረከኩ። አንዲት ሴት ፊት! አፌን በእጄ ያዝኩ። ቶሎ ታነሳቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላነሳቻቸውም። እንደተንበረከኩ ቆዩ፣ የአንዳንዱ ሰው ትዕግሥት እስኪያልቅ። የባሏ ታላቅ ወንድም ራሱ ወጥቶ "ፍሬውን ቀምሻለሁ፤ በእጇ ሰጥታኛለች" ብሎ መሰከረላት። የት ነበር እስከዛሬ? ይሄም ሌላ ጉድ።

ከዚህ በኋላ ባሎቴ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ "ተነስ፤ ጉልበትህ ይታመማል" አለቻቸው። አቅፋ አልሳመቻቸውም። ግን እዚያው ሴቶቹን አየችና "ለሚመጣው ዓመትም በዚሁ ላስቲክ ነው" አለች። "መጀመሪያ ግን እኔ ቤት ሳሩም ላስቲኩም አብረው ይከርማሉ፤ ዶክተሩም እየመጣ ያያል።" እውነትም በሚቀጥለው ዓመት ምርቃቱ ከሳጥኑ ክዳን በላይ ሆነ፤ አፕሉም ደህና ወረደ። ሰብሳቢነቷን እስካሁን የቀማት የለም።

ያን ዕለት ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪናውን አስቁሜ አያቸው ነበር። አሁን ግን ወደ ዶክተር ዞርኩ።

"ለሽማግሌዎቹ መናገር ቢያሳፍርዎ ይገባኛል" አልኳቸው። "ምርቃታችሁ አፕሉን አበሰበሰ ማለት ቀላል አይደለም። እኔን ግን ለምን? እኔ ምን አደረግሁዎ?"



"ዱቡሻው መቼም አንድ ቀን እንደሚያውቅ አውቅ ነበር" አሉ። "የከበደኝ አንቺ ነሽ። እኔ የለካሁትን ደግመሽ አትለኪም። በዚህ ዓለም ላይ የእኔን ቁጥር ደግሞ የማይለካ አንቺን ብቻ ነው የማውቀው። እሱን ላጣው አልፈለግሁም።"

እንባዬ መጣ። የንዴት ይሁን የሐዘን እስካሁን አልለየሁትም። "ባሎቴ እሳት ተከልክላ እርስዎ ይህን ያስባሉ?" አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በኋላ ይህን ጉዳይ አንድም ቀን አላነሳንም።

በማግስቱ ጠዋት ላብራቶሪ ስገባ እሳቸው ቀድመውኝ ገብተዋል። አዲስ የተላጠ ፕላስቲክ ጆሯቸው ሥር ይዘው አንኮሻኮሹ፣ ተነፈሱበት፣ ውፍረቱንም በአምስት ቦታ ለክተው ቁጥሩን ነገሩኝና ወደ ጠረጴዛዬ ገፉልኝ። እንደ ወትሮው ወስጄ ማሽኑ ላይ ልሰቅለው ስል እጄ ቆመ። መለኪያውን አነሳሁ። ፊታቸው ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር እንደገና ለካሁት። ቁጥሩ ልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አብረን ሠርተናል፤ ጥሩ ነገር ሠርተናል፣ ከእሳቸው የተማርኩትን የሚያህል ከማንም አልተማርኩም። ግን እሳቸው የለኩትን ሁሉ፣ ሁልጊዜ፣ ደግሜ ለካሁ። ያዩኝ ነበር። አንድ ቀንም ተዪ አላሉኝም።